አዲስ ልቦለድ ለየትኛው አንባቢ? ለባሕር ዳር ቤተ መጻሕፍት የምርጫ መመሪያ

«አዲስ ነገር ምን አላችሁ?»

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚያስተናግድ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይውልም። ጠያቂው የፔዳ ግቢ ተማሪ ይሆናል። ከቢሮ ወጥቶ ወደ ዓባይ ማዶ ከመሻገሩ በፊት ጎራ ያለ ሠራተኛ ይሆናል። ጡረታ ወጥተው ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ሊያነቡ የሚመጡ አባት ይሆናሉ። ጥያቄው አንድ ነው። የሚፈልጉት ግን ለየቅል ነው።

መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በዚያ ሰሞን ስሙ የገነነው መጽሐፍ ይነሣና ይሰጣል። አንባቢው ጥቂት ገጽ ሞክሮ ይመልሰዋል። ከዚያ «የዘንድሮ ደራሲ አይረባም» ብሎ የሚያውቃቸውን የድሮ መጻሕፍት ይደግማል። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ባለፉት ሃያ ዓመታት ከተጻፉት የአማርኛ ልቦለዶች ውስጥ ለዚያ ሰው የሚሆን አይጠፋም ነበር። የጠፋው አገናኝ ነው።

ይህን የጻፍኩት ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ለንባብ ክበብ አስተባባሪዎች፣ ለወዳጃቸው መጽሐፍ መምረጥ ደስ ለሚላቸውም ነው። «አዲስ» ስል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የታተመውን ማለቴ ነው። ሁሉንም አልዘረዝርም። የተወሰኑትን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው ለማን እንደሚሆን እናገራለሁ።

«ምኑ ያዘህ?»

«ስለ ምን ማንበብ ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይረዳም። መልሱ «ስለ ፍቅር» ወይም «ስለ ታሪክ» ይሆናል። ስለ ፍቅር የተጻፈው ስንቱ ነው! አንዱ በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ነው፤ ሌላው አንድ ወር የሚያስኬድ። የሚሻለው ጥያቄ ይሄ ነው፦ «በቅርቡ ካነበብከው በጣም የወደድከው የቱ ነው? ምኑ ያዘህ?»

ከሁለቱ ደግሞ ሁለተኛው ይበልጣል። ናንሲ ፐርል የምትባል በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ የሠራች ታዋቂ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አለች። አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባባቸው አራት በሮች አሉ ትላለች፤ ታሪኩ፣ ገጸ ባሕርያቱ፣ መቼቱ (ታሪኩ የሚካሄድበት ቦታና ዘመን) እና ቋንቋው። አራቱም በሁሉም መጽሐፍ ውስጥ አሉ። ግን አንደኛው ከሌሎቹ ሰፋ ይላል። አንባቢም የሚወደው በር አለው።

እኛ ጎጃም ያለን ሰዎች ይህን ለመሞከር የሚመች መጽሐፍ አለን። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ያላነበበው እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። አራት ሰዎችን «ምኑን ወደዳችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዷ «የሰብለና የበዛብህ ነገር ምን ይሆን እያልኩ ስገልጥ ነጋብኝ» ትላለች። ሌላው ስለ ፊታውራሪ መሸሻ እና ስለ ጉዱ ካሳ ያወራል፤ ጎረቤቱ ያሉ ይመስል። ሦስተኛው «ማንኩሳን፣ ዲማን፣ ያንን ዘመን ቁጭ አድርጎ አሳየኝ» ይላል። አራተኛው ምንም ሳይጨምር «አማርኛው!» ብሎ ዝም ይላል።

አራቱም የወደዱት አንድ መጽሐፍ ነው። ቀጥሎ የሚሰጣቸው አዲስ ልቦለድ ግን አንድ ሊሆን አይችልም። ለመጀመሪያዋ የተመረጠውን ለአራተኛው ብትሰጡት መጽሐፉም ይጎዳል፣ ሰውዬውም ይቀየማል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነሣቸው መጻሕፍት የሚነጻጸሩት የትኛው ይበልጣል ተብሎ አይደለም። እያንዳንዱ የሚከፍተው በር የትኛው ነው? የሚጠይቀው ትዕግሥትስ ምን ያህል ነው? መለኪያዬ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ጣናን የሚነኩ ሁለት ልቦለዶች

የባሕር ዳር አንባቢ አገሩን መጽሐፍ ውስጥ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ደግሞም ይገባዋል። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልቦለድ ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ተወላጅ ናቸው። ከከተማችን በጀልባ የሚደረስበት፣ ቡናው የሚመጣበት ያው ዘጌ። ልቦለድ ለዚህ ሐይቅ ዳርቻ እንግዳ አይደለም።

ከአዲሶቹ ውስጥ ጣናን በሁለት ፍጹም የተለያየ መንገድ የያዙ ሁለት መጻሕፍት አሉ። አንዱ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው። ሁለተኛው የሕይወት ተፈራ «ምንትዋብ» ነው። «ስለ ጣና የሚያወራ ልቦለድ አላችሁ?» የሚል ሰው ሲመጣ ሁለቱንም አንድ ላይ መስጠት ያጓጓል። አይደረግም። የሁለቱ አንባቢ ለየብቻ ነው።

«ዴርቶጋዳ» ልብ አንጠልጣይ ነው። የጣና ገዳማት፣ የስለላ ድርጅቶች፣ ባሕር ማዶ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶች፣ ምስጢር በምስጢር ላይ። ሩጫው ፈጣን ነው። አንዱ ምዕራፍ ሲያልቅ ቀጣዩን ሳይጀምሩ መጽሐፉን ማስቀመጥ ያስቸግራል። ትልቁ በር ታሪኩ ነው ማለት ነው። ይህ መጽሐፍ በልቦለድ ንባብ ገና ጀማሪ የሆኑ ብዙ ወጣቶችን ወደ ንባብ ያመጣ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከስልኩ ቀና ብሎ የማያውቅ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቢመጣ እኔ መጀመሪያ የማስበው እንዲህ ያለውን ነው። ተከታዩ «ራማቶሓራ» መደርደሪያው ላይ አጠገቡ ይሁን። ልጁ አንደኛውን እንደጨረሰ ሁለተኛውን ካጣ ሙቀቱ ይበርዳል።

ለማን አይሆንም? «ይሄ እንዴት ሊሆን ይችላል?» እያለ ለሚያነብ ሰው። ሁሉ ነገር በእውነተኛው ዓለም ልክ እንዲሆንለት የሚፈልግ አንባቢ በየገጹ ይቆማል፤ መቆም ለዚህ መጽሐፍ አይስማማም።

«ምንትዋብ» ዝግ ይላል። የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ነው። ከቋራ ተነሥታ የአፄ በካፋ ሚስት የሆነችው፣ በኋላም በልጇ ዘመን አገር ያስተዳደረችው እቴጌ ታሪክ ነው። እዚህ ትልቁ በር መቼቱ ነው። ቤተ መንግሥቱ፣ ሥርዓቱ፣ አለባበሱ፣ ሹክሹክታው። አንባቢው ዘመኑ ውስጥ ገብቶ መኖር አለበት። «ቶሎ ቶሎ ምን ሆነ?» ለሚል ሰው መጀመሪያው ይረዝምበታል። ታሪክ ለምትወድ መምህርት፣ ስለ ጎንደር ዘመን ከአባቶቹ የሰማውን ማስፋት ለሚፈልግ ሰው፣ ደግሞም በመንግሥት ታሪክ ውስጥ የሴት ድምፅ ለጠማቸው አንባቢዎች ይሄ ሁነኛ ምርጫ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። አንባቢው መጽሐፉን ከጨረሰ በኋላ የሚሄድበት ቦታ አለ። ደቅ ደሴት ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው ምንትዋብ ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የራሷ ሥዕል አለ፤ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ። ሴቶች ከማይገቡባቸው የጣና ገዳማት በተለየ ናርጋ ሴቶችም ይገባሉ። ለንባብ ክበብ ከዚህ የተሻለ ጉዞ አላውቅም።

ሁለቱንም ስትሰጡ አንድ ነገር አትርሱ። ልቦለድ ናቸው። አንዳንድ ወጣት «ዴርቶጋዳ»ን ጨርሶ «እውነት ጣና ሥር እንዲህ ያለ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዱ ደግሞ «ምንትዋብ» ላይ ያለውን ንግግር ሁሉ ቃል በቃል እንደተነገረ ይወስደዋል። ልጁን ማሳፈር አያስፈልግም። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብላችሁ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ከጎኑ ጨምሩለት። ልቦለዱ ያስነሣውን ጉጉት የታሪክ መጽሐፉ ይወስደዋል።

እዚህ ላይ ስለ «ኦሮማይ» አንባቢዎችም ልናገር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ አዲስ አይደለም። ግን በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ውጭ አገር ከታተመ ወዲህ ስሙ እንደገና ተነሥቷል። «እንደ ኦሮማይ ያለ አዲስ ስጡኝ» የሚሉም አሉ። ፈጣን ነው ብላችሁ በቀጥታ ወደ ልብ አንጠልጣይ አትውሰዷቸው። የኦሮማይ አንባቢ ፍጥነቱን ብቻ አይደለም የወደደው። በሚያውቀው ፖለቲካ፣ በሚያውቀው ዘመን መሐል የተያዘ ሰው ማየቱን ነው። ለእሱ ቅርቡ የታሪክ ልቦለድ ወይም ቀጥሎ የምጠቅሰው የሰፈር ልቦለድ ነው።

ሰው ለሚወድ፣ አማርኛ ለሚወድ

የዓለማየሁ ገላጋይ «አጥቢያ» የከተማ ድሃ ሰፈር ልቦለድ ነው። ቦታው አዲስ አበባ ነው። ግን ሰዎቹን የትም ከተማ ታውቋቸዋላችሁ። ተጠጋግተው የሚኖሩ፣ የሚጣሉ፣ የሚዋደዱ፣ የተቸገሩ ሰዎች። ጉዱ ካሳን የወደደ አንባቢ፣ ማለትም በገጸ ባሕርይ በር የሚገባ፣ እዚህ የሚፈልገውን ያገኛል። አማርኛውም ጠንካራ ነው፤ የሰፈር ሰው እንደሚናገረው ይናገራል። ይህ ማለት ደግሞ ስድብም፣ ገላጣ ነገርም አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት ተናገሩ። «አባቴ፣ መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች አነጋገር ግን እንዳለ ነው የተጻፈው፤ ይረብሽዎት ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ክብር ነው። ብዙ ጊዜ «ምን ችግር አለው፣ እኛም እኮ ሰፈር ነው ያደግነው» የሚል መልስ ይመጣል። የማይፈልጉ ካሉም መንገዱ ክፍት ነው።

አዳም ረታ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል፤ ያምራልም። በቋንቋ በር ለሚገባ አንባቢ በዘመናችን ከእሱ የሚቀድም የማስቀምጠው ደራሲ የለም። ተራ የሚመስል ነገር፣ የቡና ሽታ፣ የአጥር ቀዳዳ፣ የልጅነት ፍርሃት፣ በእሱ እጅ ሲገባ አዲስ ይሆናል። ግን አጻጻፉ ቀጥ ያለ አይደለም። ታሪኩ ወደፊት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ወደ ጎን ይወጣል። በግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ሳይቀር ታሪክ ይተርካል። ደራሲው ይህን አካሄድ «ሕፅናዊነት» ብሎታል፤ የሐሳቡ መነሻ እንጀራ ነው። እንደ እንጀራ ዓይን፣ አንዱ ታሪክ ከሌላው ጋር በብዙ ቀዳዳ ይገናኛል። በአንድ ሥራው ጥግ ላይ የታየ ሰው ሌላ ቦታ ዋና ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ብዙ ሰው አዳምን የሚያጣው በመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ስሙን ሰምቶ ይመጣል፤ በጣም ወፍራሙን፣ «የስንብት ቀለማት»ን ያነሣል፤ መሐል ላይ ይደክመዋል። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። መጀመሪያ ከአጫጭር ልቦለዶቹ፣ ለምሳሌ ከ«አለንጋና ምስር» አንድ ሁለቱን። ጣዕሙን ከወደደው «ግራጫ ቃጭሎች»ን። መዝገቡ የሚባለውን ልጅ ይዞ የሚሄድ ስለሆነ ጨብጦ የሚከተሉት ሰው አለ። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹን። ይህን መንገድ የሄደ አንባቢ ወፍራሙን መጽሐፍ ሲያነሣ አይፈራም።

ዓለማየሁ ወይስ አዳም? ሰው ማየት ለሚፈልግ ዓለማየሁ። አረፍተ ነገር ሁለቴ ለሚያነብ አዳም። በጣም ደክሞት ለመጣ ሰው ሁለቱንም ለሌላ ቀን አቆዩለት።

ረጅም ወይስ አጭር?

ይህን ጥያቄ በጣዕም ብቻ መመለስ አይቻልም። በብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ወደ ቤት ይዞ መሄድ ቀላል አይደለም። ዋስ ያስፈልጋል፣ መያዣ ያስፈልጋል፣ አንዳንዴ ልቦለድ ጭራሽ አይወጣም። አንባቢው የሚያነበው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። እንግዲህ አስቡት። ባጃጅ የሚያሽከረክር ወጣት ከምሳ በኋላ ያለችውን ትንሽ ጊዜ ይዞ መጣ። ባለ አምስት መቶ ገጽ ልቦለድ ሰጣችሁት። ነገ ሲመጣ ሌላ ሰው ይዞታል። ከነገ ወዲያ ያቆመበት ገጽ ጠፍቶታል። በአራተኛው ቀን አይመጣም።

ለእንዲህ ያለው አንባቢ የአጭር ልቦለድ መድብል ይሻላል። ተቀምጦ ሳይነሣ አንድ ሙሉ ታሪክ ይጨርሳል። የጨረሰ ሰው ደግሞ ይመለሳል። እኛ አገር መድብሎች መደርደሪያ ላይ ብዙ አቧራ ይጠጣሉ። ሰው «ረጅም ልቦለድ» የሚል ሽፋን ሲያይ ገንዘቡም ጊዜውም የሚክስ ይመስለዋል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን የሚቆጠረው ገንዘብ አይደለም፤ ሰዓት ነው። ስለዚህ ለአዳራሽ አንባቢ መድብል፣ ለሚዋስ አንባቢ ረጅም ልቦለድ። ፈተና የደረሰበት ተማሪም መድብል።

ረጅሙን እዚያው ማንበብ የሚፈልግ ካለ ትንሽ ነገር አድርጉለት። ስሙንና ያቆመበትን ገጽ የጻፈበትን ወረቀት ተቀበሉት፤ መጽሐፉን ለሁለት ቀን ከመደርደሪያ ጀርባ አቆዩለት። ምንም ወጪ የለውም።

ዓይናቸው ለደከመ አንባቢዎች ደግሞ የድምፅ መጽሐፍ አለ። «ተራኪ» የሚባለው የስልክ መተግበሪያ የአማርኛ መጻሕፍትን በትረካ ያቀርባል። «እናቴ፣ የልጅዎ ስልክ ላይ እናስገባልዎት?» ማለትም መጽሐፍ መምረጥ ነው።

ወጥ ወይስ ትርጉም?

እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ትርጉም ሲዋጣለት ከወጥ ድርሰት አያንስም። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» (የማርጋሬት ሚቼል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ») ምስክር ነው። አማርኛው እንደ ውኃ ይፈስሳል።

ሳይዋጣለት ግን አንባቢን ከልቦለድ ያስኮርፋል። ሁሉም ትርጉም እንዲህ ባለ ትዕግሥት አይሠራም። መለያው ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን አንድ ገጽ ፈልጉና ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። እናት ለልጇ እንደዚያ ትናገራለች? የተናደደ ሰው እንደዚያ ይላል? ምላሳችሁ ከተሰናከለ የአንባቢውም ይሰናከላል። አስፋልት ላይ ተዘርግተው የሚሸጡ ትርጉሞችን ስትገዙ ይህችን ፈተና አትዝለሉ።

ራሳችሁ ያላነበባችሁትን መጽሐፍ መመዘን

ማንም ሁሉንም አያነብም። የሚወጣው ብዙ ነው። አብዛኛው የአማርኛ ልቦለድ ደግሞ በደራሲው በራሱ ወጪ ይታተማል። ይህ ድፍረት ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን ብዙ መጽሐፍ በአርታኢ እጅ ሳያልፍ ይወጣል ማለትም ነው። ጥሩ ታሪክ በፊደል ግድፈትና በአላስፈላጊ ሰማንያ ገጽ ተቀብሮ ታገኛላችሁ። ስለዚህ መመዘን ያስፈልጋል።

የጀርባ ሽፋኑን ውዳሴ አትመኑ። ወዳጅ ለወዳጁ የጻፈው ነው። እኔ የማየው ሦስት ቦታ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች፣ ከመሐል አንድ ምልልስ ያለበት ገጽ፣ ከዚያ ደግሞ ሴት ገጸ ባሕርይ የምትናገርበት ቦታ። ሦስተኛው ለምን? በብዙ ልቦለዶቻችን ወንዶቹ ሲያስቡ ሴቶቹ ቆንጆ ሆነው ብቻ ይቀመጣሉ። ሴቷ የራሷ ሐሳብ ካላት ደራሲው ሌላውንም ሰው በደንብ ያየ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይሠራልኛል። እንደ ሆሄ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያሉ ውድድሮች የእጩዎች ዝርዝርም ይጠቅማል። አሸናፊውን ብቻ ሳይሆን እጩዎቹን በሙሉ ተመልከቱ። ለእናንተ አንባቢ የሚሆነው ሁለተኛ የወጣው ሊሆን ይችላል።

አንባቢውም የመተው መብት እንዳለው ንገሩት። እኛ የጀመርነውን መጽሐፍ አለመጨረስ እንደ ነውር እናያለን። ናንሲ ፐርል ለዚህም ደንብ አላት። ዕድሜህ እስከ 50 ከሆነ 50 ገጽ ሞክር፤ ካልያዘህ ተው። ከ50 በላይ ከሆንክ ዕድሜህን ከ100 ቀንስ፤ የቀረው የምትሞክረው ገጽ ነው። የሰባ ዓመት አባት 30 ገጽ ካነበቡ ግዴታቸውን ጨርሰዋል ማለት ነው። ይህን ስትነግሯቸው ፊታቸው ይበራል። ከዚያ በኋላ አዲስ መጽሐፍ ለመሞከር አይሰስቱም።

በአፍ፣ በጠረጴዛ ወይስ በቴሌግራም?

በአፍ መምከር ከሁሉም ይበልጣል። ሰውዬውን ታዩታላችሁ፣ ትጠይቁታላችሁ፣ ፊቱን ታነባላችሁ። ችግሩ ጊዜ ነው፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ካለ አይቻልም። ለዚያ ሰዓት መግቢያው ላይ ያለ ጠረጴዛ ይረዳል። መጻሕፍትን በቁጥር በሚመድበው የዲዊ አከፋፈል ሥነ ጽሑፍ 800 ቁጥር ሥር ይደረደራል፤ አንባቢ ግን ቁጥር እያየ አይመጣም። አምስት ስድስት መጽሐፍ ሽፋናቸው እንዲታይ አቁሙ። በእያንዳንዱ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት፦ «ፈጣን ነው፤ ሌሊቱን ያስነጋል» ወይም «ዝግ ያለ ነው፤ ጎንደርን ለሚወድ»። ሁለት መስመር ይበቃል።

ቴሌግራም ዘመኑ ያመጣው ነው፤ ወጣቱ ያለው እዚያ ነው። የሽፋኑን ፎቶና ሦስት መስመር ምክር ልቀቁበት። ሙሉውን መጽሐፍ በፒዲኤፍ አትልቀቁ፤ ሌላ ሰው ቢለቅም አታስተላልፉ። ከኪሱ ከፍሎ ያሳተመ ደራሲ ሁለተኛ መጽሐፍ የሚጽፈው የመጀመሪያው ሲሸጥ ነው። ቤተ መጻሕፍት ይህን ካላከበረ ማን ያከብራል?

ሐዘን ያለበት አንባቢ

ከተማችንና ክልላችን ባለፉት ዓመታት ያሳለፉትን እናውቃለን። ሰው የሞተበት፣ ከቀዬው የተፈናቀለ፣ ልጁን የሚጠብቅ ሰው መጽሐፍ ሊጠይቅ ይመጣል። ጦርነት ያለበትን ልቦለድ በደፈናው አትስጡ፤ በደፈናውም አትከልክሉ። «የሚያስረሳ ይሻልሃል፣ ወይስ ነገሩን የሚነካ?» ብላችሁ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠይቁ። የሚያስረሳ ካለ ልብ አንጠልጣዩ አለ። የሚነካ ካለ በሩቅ ዘመን የተቀመጠ የታሪክ ልቦለድ ይቀላል፤ ሐዘኑን ራቅ አድርጎ ያሳየዋል። ውይይት ላይ አታስገድዱት። ሲመልስ ብቻ «እንዴት ነበር?» በሉት።

ገንዘቡ ሲያንስ

የመጽሐፍ ዋጋ ጨምሯል፤ ወረቀቱ ከውጭ ስለሚመጣ። በጀት ደግሞ አይበቃም። በአንድ ዙር ሦስት አዲስ ልቦለድ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ እኔ እንዲህ እመርጣለሁ። አንድ ልብ አንጠልጣይ፣ ለጀማሪው። አንድ የአጭር ልቦለድ መድብል፣ ለአዳራሹ። አንድ የታሪክ ልቦለድ፣ ለታላላቆቹ። ቋንቋ ለሚወዱት አዳምን ለሁለተኛው ዙር አቆያለሁ፤ እነሱ ታጋሾች ናቸው፣ እስከዚያም መድብሉ ላይ ይጀምራሉ። የንባብ ክበብ ካላችሁ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ሦስት የተለያየ ከመግዛት የአንዱን ሦስት ቅጂ ግዙ። ክበብ የሚፈርሰው አባላቱ መጽሐፉን ለማግኘት ወረፋ ሲጠብቁ ነው። ቅጂዎቹ ክበቡ ሲጨርስ ወደ መደርደሪያው ይመለሳሉ፤ አንዱን ለዘጌ ወይም ለጎርጎራ ትምህርት ቤት መስጠት ይቻላል።